የአባባ አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር

ባለፈው ሳምንት ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ጥጄ ስልክ ሳወራ ረሳሁት። ውሃው አልቆ ባዶው ብረት ሲግል ሽታው ሳሎን ድረስ መጣ። የብረት ሽታ ብቻ ቢሆን መስኮት ከፍቼ ወሬዬን እቀጥል ነበር። ከማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ለዓመታት የተለጠፈው ነጭ ቅርፊት ሲቃጠል የሚሸተው ግን ሌላ ነው፤ ኖራ ኖራ ይላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። አዳማ የኖረ ሰው ያውቀዋል። እኔ ከአዳማም በፊት አውቀዋለሁ፤ በቆቃና በመቂ መካከል መንገድ ዳር በተዘረጋች ትንሽ ከተማ፣ አራተኛ ክፍል ሆኜ፣ በአባባ ቤት።

እሳቱን አጥፍቼ ኩሽናው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ያን ዓመት ለማንም አውርቼው አላውቅም። ረስቼው አይደለም፤ ስለማፍር ነው።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። እናቴ አዳማ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ስለነበረች ያሳደጉኝ እሳቸውና የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ብዙነሽ ናቸው። ብዙነሽ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች፤ ማለዳ ወጥታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትመለሳለች። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት እውላለሁ፤ ከሰዓቱ የእኔና የአባባ ነው።

አባባ በጉልምስናቸው የመንገድ ቀያሾች ረዳት ነበሩ። ሥራቸው ሃምሳ ሜትር የሚረዝመውን መለኪያ አንዱን ጫፍ ይዘው መሄድ፣ ሲወጠር መቆም፣ ችካል መምታት፣ ደግሞ መሄድ ነው። «መኪና ላይ ተቀምጦ አገር አየሁ የሚል ሰው አያሳዝንሽም?» ይሉኝ ነበር። እሳቸው ስምጥ ሸለቆን የሚያውቁት በሃምሳ ሃምሳ ሜትር ነው። እኛ ከተማ የደረሱትም በዚሁ ሥራ ነው፤ መንገዱ አለፈ፣ እሳቸው አያቴን አግብተው ቀሩ። አያቴን እኔ አልደረስኩባትም።

ከዚያ ሥራ የተረፋቸው ከኪሳቸው የማይለይ አምስት ሜትር የብረት ሜትርና ቢጫ የሆነ የሥራ መታወቂያ ነው። አመሉም ተርፏቸዋል። ግምት አይወዱም። መንገድ የጠፋው ሰው መጥቶ ወፍጮ ቤቱ ሩቅ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ጎረቤቶቻችን «ትንሽ ራቅ ይላል» ካሉ አባባ ይናደዳሉ። «አራት መቶ ሰባ ሜትር» ይሉና ያን ሁሉ መንገድ በአንድ ቁጥር ይዘጉታል። ሰውየው አመስግኖ ሲሄድ ብዙነሽ ከኋላ ትስቃለች።

እንግዲህ ትምህርት ቤት የርዝመት መለኪያ ስንጀምር ከእኔ ይልቅ የተደሰቱት አባባ መሆናቸው አይገርምም። ሂሳቡንም የአካባቢ ሳይንሱንም የሚያስተምረን ቲቸር ቶላ ነበር፤ የደራ ልጅ ነው፣ ገና ወጣት፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው። ኪሎሜትር፣ ሄክቶሜትር፣ ዴካሜትር እያልን በዜማ እንወርዳለን፤ ሲወርዱ በአሥር ማባዛት፣ ሲወጡ በአሥር ማካፈል። ቤት ስመለስ አባባ ያንኑ ትምህርት በእግር ያስኬዱኛል። ከቦኖው እስከ ደጃችን ሦስት መቶ ሜትር ነው፤ በኪሎሜትር ስንት? በሳንቲሜትርስ? ጀሪካን ተሸክሜ እየተንገዳገድኩ አሰላለሁ። አንድ ዜሮ ከተረፈኝ ጉድ ፈላ። «አንድ ዜሮ ጨመርሽ ማለት በሰው ቤት ላይ መንገድ አሳለፍሽ ማለት ነው» ይላሉ፣ ደጁ ላይ ካለው ወንበራቸው ሆነው።

ወንበራቸው የጠፍር ነው። እሳቸው ያኔ ጎብጠው ነበር። ጎብጠው ብል አይገልጸውም፤ ወገባቸው አይታጠፍም፣ አይዘረጋም፣ አንገታቸው ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይዞርም። ወደ ጎን ማየት ሲፈልጉ መላ አካላታቸውን ነው የሚያዞሩት። ረጅም ሰው ፊታቸው ከቆመ ፊቱን ለማየት ሁለት እርምጃ ወደኋላ ይላሉ። ይህን ሁሉ ሳይ ምንም አይመስለኝም ነበር፣ ምክንያቱም ከተማችን ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች አብዛኞቹ እንደዚሁ ናቸው። እኛ ልጆቹ ደግሞ ጥርሳችን ቡናማ ነው፤ ነጭ ጥርስ ያለው ሰው ካየን ከሌላ አገር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። እርጅና ማለት መጉበጥ፣ ጥርስ ማለትም ቡናማ ይመስለኝ ነበር። ቲቸር ቶላ በደጃችን ሲያልፍ «አካም ጂርቱ፣ አባ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ቀና ሳይሉ «ፈያ» ይላሉ። ደኅና ነኝ ማለታቸው ነው።

በኅዳር መጀመሪያ አባባን ሆዳቸውን አመማቸውና አንድ ሳምንት ተኙ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ መጥታ አየቻቸው፤ በሽታው ከውሃው ነው፣ ከእንግዲህ አፍልታችሁ ብቻ አጠጧቸው አለች። ብዙነሽ ገበያ ውላ ስለምትመጣ ውሃ ማፍላቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሰል አቀጣጥላለሁ፣ ብረት ድስቱን እጥዳለሁ፣ ሲንተከተክ አወርዳለሁ፣ ቀዝቅዞ በጆግ ይቀዳል። እዚህ ድረስ ሆነ ብዬ ያጠፋሁት ነገር አልነበረም።

በዚያው ወር መጨረሻ ቲቸር ቶላ የቤት ሥራ ሰጠን። የቤተሰባችንን ቁመት ለክተን በሜትር፣ በሳንቲሜትርና በሚሊሜትር ጽፈን እንድንመጣ ነው። ብዙነሽን በሩ ላይ አቁሜ ለካኋት፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት። አባባ ተራቸው ሲደርስ መለካት አያስፈልገኝም አሉ። መታወቂያቸውን አወጡና ቁመት፣ አንድ ነጥብ ሰባ አራት የሚለውን በጥፍራቸው አሳዩኝ። በኢንጂነር የተለካ ነው፣ ዝም ብለሽ ጻፊ አሉኝ። ጻፍኩ። መቶ ሰባ አራት ሳንቲሜትር፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ አርባ ሚሊሜትር። ነገር ግን ቲቸር ለኩ እንጂ ቅዱ አላለንምና ከበሩ ጋር እንዲቆሙልኝ ለመንኳቸው።

ከልብስ ሰፊ ጎረቤታችን በተዋስኩት የጨርቅ ሜትር ከተረከዛቸው እስከ አናታቸው ለካሁ። አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት ሆነ። ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ አሳንሶ ያነባል ብለው አስረዱኝና የራሳቸውን የብረት ሜትር ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። እንደገና ለካሁ። ስልሳ ሁለት። ጣቴን ከቁጥሩ ላይ ሳላነሣ ሜትሩን ወደ ዓይናቸው አወረድኩላቸው። ብዙ አዩት።

«ያነበብሽውን ጻፊ» አሉኝ።

 የዚያን ቀን ራታቸውን ግማሹን ተዉት።

እኔ ግን ቀንሼ ነበር። አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር፣ ማለት መቶ ሃያ ሚሊሜትር ጎድሏል። ብዙነሽን ወዴት ሄደ ብዬ ስጠይቃት እርጅና ወሰደው አለችኝ። እርጅና ወስዶ የት አደረገው? ብዙነሽ ሂጂ ሽንኩርቱን ልቀሚ አለችኝ።

መልሱን ያገኘሁት ክፍል ውስጥ ነው፣ ወይም ያገኘሁ መሰለኝ። በታኅሣሥ ቲቸር ቶላ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ አስተማረን። ጠጣር የራሱ ቅርጽ አለው። ፈሳሽ የራሱ ቅርጽ የለውም፣ የተቀመጠበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል። ጠጣር ሲሞቅ ቀልጦ ፈሳሽ ይሆናል። ይህን እየጻፍኩ ስለ አባባ አሰብኩ፤ እጄ ቆመ። አባባ ጠጣር ናቸው። ቅርጻቸው ግን ተለውጧል። የማንን ቅርጽ ይዘዋል? የወንበራቸውን። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ የሚቀመጡበት የጠፍር ወንበር መቀመጫው እንደ ጎደጎደ እሳቸውም እንደዚያው ሆነዋል። ሲነሡም ወንበሩን ይዘው የተነሡ ይመስላሉ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ አባባ በፀሐይ እየቀለጡ ነው።

ይህን ዛሬ ስጽፈው ያስቃል። ያኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። አንድ ጠዋት ደግሞ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ብዙነሽ የአባባን አንሶላ ስትጠቀልል አየሁ። ፍራሹ ረጥቧል። ስታየኝ በጋቢ ሸፈነችው፣ አባባም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ። ወጣሁና ጓሮ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ወደ ፈሳሽ መለወጥ ጀመሩ ብዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ከፀሐይ ወደ ጥላ እየጎተትኩ አስቸገርኳቸው። አጥንታቸውን የሚያሳርፈው ያ ሙቀት ብቻ መሆኑን በምን ልወቅ። ምን አድርጌሽ ነው ከፀሐይ የምታባርሪኝ ይሉኛል፤ እኔ እንዲሁ ጥላው ይሻላል እላለሁ፤ እሳቸው ሲቆረጥማቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ይቀመጣሉ።

መፍትሔውንም ያገኘሁት ከዚያው ደብተር ነው። ፈሳሽ ሲፈላ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይሄዳል። ነርሷ በሽታው በውሃው ውስጥ ነው ብላለች። እንግዲያው በሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፣ ብዙ በፈላ ቁጥር ብዙ በሽታ ይወጣል፣ የቀረው ውሃ ደግሞ ንጹሕ መድኃኒት ይሆናል። ማንም አልነገረኝም፤ እኔው አውጥቼ እኔው አጸደቅሁት። ከዚያ ወዲያ ውሃው ሲንተከተክ ማውረድ ተውኩ። ሁለት ጆግ እጨምርና አንድ ጆግ እስኪቀር ድረስ አፈላዋለሁ። ብዙነሽ አታይም፣ ከሰሉንም ገና አልጠረጠረችም። እንዲያውም ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ያፈላሁት ሁሉ እንደዚያ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጨዋታ ይዞኝ እሳት ላይ የረሳሁት ብዙ ነው፣ አሁን ግን ሆነ ብዬ ያዝኩት።

ከድስቱ ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገር ጀመር። በማንኪያ እፍቀዋለሁ፣ ሲነሣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል። በሽታው ተይዞ የቀረ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ድስቱ ሲግል የሚወጣው ያ የኖራ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ ልብሴ ውስጥ ይገባል፣ ደብተሬም ይሸታል። አባባ ውሃሽ ከበደኝ ይሉኛል። እኔ መድኃኒት ነው እላቸዋለሁ። የእኛ ቦኖ ውሃ ከመሬት ሲወጣ ለብ ያለ፣ ምላስ ላይ ትንሽ ጨው ጨው የሚል ነው፤ እኔ ያፈላሁት የባሰ ነበር። እሳቸው አንድም ቀን አልደፉትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እለካቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ይፈልገዋል እያልኩ። አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት። በሚቀጥለውም ስልሳ ሁለት። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ስልሳ ሦስት አነበብኩና ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። አባባ ዝቅ ብለው ነበርና የሚያዩት እግራቸውን ነው።

«ጣትሽን ከዜሮው ላይ አንሺ» አሉኝ።

እውነት ነው፣ ሜትሩ ከመሬት ትንሽ ዝቅ እንዲል ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ በሩ ሥር ያለች ጉድጓድ ውስጥ ጫፉን ከትቼዋለሁ። አልቆጣሽም፣ ግን ሁለተኛ በቁጥር አትዋሺ አሉኝ። ሌላ ጊዜ በምን ልዋሽ ብዬ ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት።

የካቲት ላይ ቲቸር ቶላ ስለ ትነት ሲያስተምረን ሁላችሁም ከየቤታችሁ ውሃ አምጡ አለን። እሱ ከአዳማ በጠርሙስ ይዞ መጣ። አንድ ልጅ የቦኖውን አመጣ። እኔ የአባባን የፈላ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩና ይህ በዓለም ላይ ካለው ውሃ ሁሉ የጠራ ነው አልኩ። ሦስት የቆርቆሮ ክዳን ፀሐይ ላይ አስቀመጥን፤ በየክዳኑ ሥር የማን እንደሆነ ተጻፈ። ሦስቱም ውስጥ እኩል ውሃ ነበር። ዓርብ ተቀምጦ ሰኞ ስናየው ሁሉም ደርቋል። የአዳማው ክዳን ታጥቦ የተወለወለ ያህል ነው፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ስስ መስመር አለ። የቦኖው ነጭ ጭጋግ ይዟል። የእኔ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል፤ በጣት ሲነካ ይቧጥጣል።

ቲቸር ቶላ ክዳኑን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ውሃውን ምን አድርገሽው ነው አለኝ። አፍልቼው አልኩ፤ ብዙ።

«ሲፈላ የሚሄደው እኮ ውሃው ብቻ ነው» አለ። «ውስጡ የሟሟው ነገር የትም አይሄድም። ውሃው ባነሰ ቁጥር እሱ ይበረታል።»

ከዚያ ለክፍሉ ሁሉ ማስረዳት ጀመረ። ማፍላት ተዋስያንን ይገድላል፣ ለዚያ ጥሩ ነው። በእኛ አገር መሬት ውስጥ ግን ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለ፤ ጥርሳችንን ቡናማ ያደረገው እሱ ነው፣ ለብዙ ዓመት የጠጡት ሰዎች ደግሞ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ያደርቃቸዋል፣ ያጎብጣቸዋል። እሱን እሳት አያባርረውም። ልጆቹ የእኔን ክዳን እያዩ ሳቁ፣ በዓለም የጠራው ውሃ ይኸው አሉ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው።

ወደ ቤት ስመለስ አባባ ደጁ ላይ ነበሩ። ጆጉ ከአጠገባቸው ግማሽ ደርሷል። ብርጭቆውን ይዘው፣ አንገታቸው ወደኋላ ስለማይሄድ ወገባቸውን ከነወንበሩ ወደኋላ ገፍተው ሲጠጡ አየኋቸው። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ከዚያም ወዲህ አላየሁትም። አራት ወር ሙሉ በእጄ አጠጥቻቸዋለሁ። እየገደልኳቸው ነው፣ እሳቸው ደግሞ አመሰግናለሁ ይሉኛል። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ጆጉን አንሥቼ ጓሮ ደፋሁትና ከጀሪካኑ ያልፈላ ቀዳሁላቸው። ተዋስያኑም ትዝ አለኝና ደግሞ ፈራሁ። የሚጠጣ ነገር ጠፋኝ።

በማግስቱ ከክፍል ስንወጣ ቲቸር ቶላን ተከትዬ ታዲያ ምን ይሻላል አልኩት። ለማን ብሎ አልጠየቀኝም። እንፋሎት ሆኖ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ነው፣ እሱን ይዞ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ለአንድ ቤት የሚበቃ አይወጣም፣ ከሰል ነው የሚጨርሰው አለኝ። ክረምት ሲገባ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ አለኝ። ክረምት አራት ወር ይቀረው ነበር።

እኔ አልጠበቅሁም። ብረት ድስቱን እጥዳለሁ፣ ክዳኑን አጋድሜ እይዛለሁ፣ በላዩ እርጥብ ጨርቅ አደርጋለሁ። እንፋሎቱ ክዳኑን ሲነካ ይቀዘቅዝና በጠርዙ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ይወርዳል። ጣቶቼ ይቃጠላሉ፤ እጅ እየቀያየርኩ እይዘዋለሁ። ከሰዓቱን ሙሉ ቆሜ የማገኘው አንድ የሻይ ብርጭቆ ነው። እሱን ለአባባ እሰጣለሁ። ቀሪውን የቦኖውን ነበር የሚጠጡት፣ ተንተክትኮ ወዲያው የወረደውን፤ ቢሆንም አንድ ብርጭቆ ነው፣ ያቺ ብርጭቆ ያጠፋሁትን ትመልስልኛለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አባባ ይህ ምን ዓይነት ውሃ ነው፣ ውሃ ውሃ አይልም ይሉ ነበር።

የከሰሉ ነገር በመጋቢት ተገለጠ። ለፋሲካ ይደርሳል የተባለው ጆንያ ተራገፈ። ብዙነሽ ከገበያ ደክማ ስትመጣ ጆንያው ውስጥ አቧራ ብቻ አገኘች። የት አደረግሽው? ሸጥሽው? ለማን ሰጠሽ?  ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ብዙነሽ ብዙም የምትመታ ሰው አልነበረችም፤ ያን ቀን ግን ስትጀምር መቆም አቃታት። አባባ ከወንበራቸው ሊነሡ ሁለቴ ሞክረው አልሆነላቸውም።

«ተያት» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ምን አፍልተሽበት ነው?»

ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ መቅለጥ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ሁለቱ ጆግ፣ ስለ ክዳኑ፣ ቲቸር ቶላ ስላለው፣ ጠብ ጠብ ስለሚለው። ብዙነሽ ጫማዋን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ በሆድሽ ይዘሽ ኖረሻል እኮ አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።  አባባ ደብተርና እርሳስ አምጪ አሉኝ።

«ብዙነሽ፣ የዚህን አገር ውሃ መጠጣት ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ ነው?»

«አርባ ይሆናል፣ አባባ።»

«ይሆናል አይባልም። አርባ ነው። በወር አድርጊው» አሉኝ።

አራት መቶ ሰማንያ ወጣ። የጎደለኝስ ስንት ነው አሉ፤ መቶ ሃያ ሚሊሜትር አልኩ። አካፍይ አሉኝ። እንባዬ ደብተሩ ላይ እየወደቀ አካፈልኩ፤ በየአራት ወሩ አንድ ሚሊሜትር። አንቺ ስንት ወር አፈላሽ አሉ። አራት አልኩ።

«እንግዲህ አንድ ሚሊሜትር ነው።»

«አይደለም፣ አባባ። ሁለት ጆጉ አንድ እስኪሆን ነው ያፈላሁት። እጥፍ ነው።»

አሰቡበት። ዋሽተው ማለፍ ይችሉ ነበር፣ እኔም የምፈልገው ይህን ነበር።

«ልክ ነሽ፤ ሁለት ነው» አሉ። «አንዱን ግን ሳታፈዪውም እጠጣው ነበር። ያንቺ አንዱ ነው።»

የብረት ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት አውራ ጣታቸው ጥፍር መካከል አንድ ሚሊሜትር አሳዩኝ። ጥፍሮቹ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። በአንድ ሚሊሜትር ያባረረኝ ኢንጂነር የለም፣ እኔም ሰው አላባርርም አሉኝ።

አጥንት እንደ መንገድ በኪሎሜትር እንደማይካፈል ዛሬ አውቃለሁ። የአራት ወር ጥፋት ስንት እንደሆነ ሊነግረኝ የሚችል ማንም የለም። አባባም ያኔ ያወቁት ይመስለኛል። ዕድሜ ልካቸውን ግምት የተጠየፉ ሰው ያን ምሽት ቁጭ ብለው ለእኔ ሲሉ ገመቱ። በቁጥር አትዋሺ ያሉኝ እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ የዕለቱን ብርጭቆ አምጪ አሉኝ። ሄጄ አመጣሁ። ተቀበሉኝና አሸተቱት፣ እጃቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ መልሰውም ወደ እኔ ዘረጉት።

«ጠጪ።»

የእርስዎ ነው አልኳቸው። ለእርስዎ ብዬ ነው ያወጣሁት አልኩ።

«የእኔ አጥንት አድጎ ጨርሷል፤ ያንቺ ገና ነው። ጠጪ።»

አልጠጣም አልኩ። ለመንኳቸው፣ ግማሽ ግማሽ እናድርገው አልኩ። እሺ አላሉኝም። ብርጭቆው ዘንበል ብሎ ውሃው ሊፈስ ሲል ፈራሁና ተቀበልኳቸው። ጣዕም የለውም፤ ምንም አይልም። ስጨርስ ብዙነሽን ነገ ከሰል ግዢላት አሏት፤ ብዙነሽም እሺ አባባ አለች። ገዛችም።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ሥራችን ይህ ሆነ። ወንበራቸውን ወደ ፀሐዩ መለስኩላቸው። እኔ ክዳኑን ይዤ እቆማለሁ፣ ብርጭቆው ሲሞላ አጠገባቸው መሬት ላይ እቀመጣለሁ። አንገታቸው ስለማይዞር መላ አካላታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ጎንበስ ብለው የብርጭቆውን ሥር ያያሉ፤ ጠብታ ከቀረ ጨርሺው ይሉኛል። ከዚያ የራሳቸውን ይጠይቁኛል፣ እኔም ከጆጉ እቀዳላቸዋለሁ። ስቀዳ እጄ እምቢ የሚለኝ ጊዜ ነበር። ቅጂ ይሉኛል። ሌላ ውሃ አልነበረም።

አባባ ግንቦት ላይ ሞቱ፣ ዝናቡ ሳይገባ። እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን አላጎደልንም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠጣን፣ እኔ ለእሳቸው ያወጣሁትን፣ እሳቸው ከቦኖው የመጣውን።